ሳር ቆጣሪዎቹ

(ምስል፦ ቦረና፣ ዝናብ ካባራ በኋላ። ሰፊ ሜዳ። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ሳሩ ይወርዳል።)

ተራኪ፦

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የብረት ክፈፍ ሳሩ ላይ አረፈ። ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ተንበረከኩ። አንደኛው ደብተር ይዟል። ሌላኛው ሳሩን በጣቱ እየገለጠ ስም ይጠራል። ማታ ጉዴሳ። አላሎ። አሁንም ማታ ጉዴሳ። ሳምፊሌ። ጠሪው ይጠራል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል። በክፈፉ ውስጥ ያለው ተክል ሁሉ በስሙ ተጠርቶ እስኪያልቅ ማንም ከዚያ አይነሣም።

ከአውራ ጎዳናው በመኪና ለሚያልፍ ሰው ይህ ሜዳ አንድ ቀለም ነው። ሲዘንብ አረንጓዴ፣ ሲደርቅ ገለባ። ለከብቱና ለእረኛው ግን እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። ላም ሳር ውስጥ ስትገባ ትመርጣለች፤ አንዱን ትነጫለች፣ አንዱን ታልፋለች፣ አንዱን ደግሞ ሌላ ሲጠፋ ብቻ ትቀምሳለች። እረኛውም ይህን እያየ ያድጋል። ሳይንሱ ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ሲመጣም ክፈፍ፣ ሜትርና ደብተር ይዞ መጣ።

የምንገኘው በደቡብ ኢትዮጵያ፣ 95,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሸፍነው የቦረና ደጋማ ሜዳ ላይ ነው። የምናየው ሥራ ደግሞ በግጦሽ ምድር ላይ የዕፅዋትን ብዝኀነት መለካት ይባላል። ስንት ዓይነት ተክል አለ? እያንዳንዱ ምን ያህል ነው? ከዓመት ዓመት ምን ተለወጠ? ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። መልሶቹ ላይ ግን ሰው ሁሉ አይስማማም።

(ምስል፦ በቅርበት። አንድ የሳር ዘለላ በእጅ ላይ።)

ይህ ማታ ጉዴሳ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሴንክረስ ሲሊያሪስ። ዘለላው እንደ ጣት የረዘመ፣ ዙሪያውን በለስላሳ ጠጉር የተሸፈነ፣ ወይን ጠጅ ቀለም የተቀላቀለበት ገለባማ ነው። በሁለት ጣት ይዘው ከታች ወደ ላይ ሲስቡት ፍሬው ከነጠጉሩ ተላቆ መዳፍ ላይ ይቀራል፤ በእጅ የሚቀረው ዘንግ ጥርስ ጥርስ ያለው ባዶ አጽም ነው። ጠጉሩ ልብስ ላይ ይጣበቃል፣ የከብት ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ እንዲህ እያለ አገር ይዞራል። ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ፣ ላዩ ተበልቶ ወይም ደርቆ ካለቀም በኋላ ዝናብ ሲነካው እንደገና ያቆጠቁጣል።

ዘለላ ያወጣን ሳር መለየት ደግ ነው። ዘለላ ሳያወጣ የተጋጠውን ግን ምን ይሉታል? እዚህ ላይ የዕፅዋት ተመራማሪው ከኪሱ ማጉያ መነጽር ያወጣና ቅጠሉ ከአገዳው ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ ወደ ኋላ ቀልበስ አድርጎ ያያል። በዚያች መገጣጠሚያ ላይ በአንዳንዱ ሳር ስስ ሽፋን አለ፤ በሌላው አጫጭር ጠጉር ተሰልፏል፤ በሌላው ምንም የለም። ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። የሳር ዝርያ ግን ብዙ ጊዜ የሚለየው በዚያ ነው።

ስሙ ያልተገኘለት ተክል ከነሥሩ ይነቀላል። በጋዜጣ መካከል ተዘርግቶ፣ በእንጨት ማተሚያ ተጠፍሮ ይደርቃል። አብሮት ወረቀት ይሄዳል፤ የተነቀለበት ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ የአፈሩ ዓይነት፣ አገሬው የሚጠራበት ስም። መድረሻው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው። እዚያ ከቀደሙት ናሙናዎች ጋር ጎን ለጎን ይታያል። የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት በመጻሕፍት የመዘገበው ታላቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ የተጠናቀቀው በ2009 ነው፤ የአንድ ትውልድ ዕድሜ የወሰደ ሥራ ነው። ሰባተኛው ቅጽ፣ በ1995 የወጣው፣ ሳርን ብቻ የያዘ ነው፤ ያዘጋጀችውም ሲልቪያ ፊሊፕስ ናት። ከ600 በላይ የሳር ዝርያ ተዘርዝሮበታል። ያን መጽሐፍ ይዞ ሜዳ የወረደ ተማሪ፣ ገጾቹ በአቧራና በላብ ሲወፍሩ ያያል።

(ምስል፦ ረጅም የመለኪያ ሜትር በሜዳው ላይ ተዘርግቷል።)

ክፈፉ የት እንደሚያርፍ ቆጣሪው አይመርጥም። ከመረጠ ዓይኑ ወደ ለምለሙ ይሄዳል። ስለዚህ ሜትር ይዘረጋል፣ 50 ሜትር ወይም 100 ሜትር፤ ክፈፉም አስቀድሞ በተወሰነው ርቀት ላይ ይቀመጣል። ድንጋይ ላይ ቢያርፍ ድንጋይ ይጻፋል፤ ባዶ አፈር ላይ ቢያርፍ ባዶ አፈር ይጻፋል። ሜትሩ ከውኃው አጠገብ ተነሥቶ ወደ ውጭ ሲዘረጋ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። በውኃ ጉድጓዱ፣ በኤላው፣ ዙሪያ መሬቱ በሰኮና የተደበደበ ነው፤ እየራቁ ሲሄዱ ሳሩ እየተመለሰ፣ ዓይነቱም እየበዛ ይመጣል።

የመጀመሪያው ክፈፍ ውስጥ የተገኘው ሁሉ አዲስ ነው። ሁለተኛው ላይ የአዲሱ ቁጥር ይቀንሳል። አሥረኛው፣ ሃያኛው ላይ ሲደረስ አዲስ ስም የሚጠራው አልፎ አልፎ ነው። ቆጣሪዎቹ ይህን በመስመር ይስሉታል፤ መስመሩ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ በቀስ ይተኛል። ሲተኛ ለዚያ ቦታ ይበቃል ይባላል። ወቅቱ ግን ወሳኝ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዋናው ዝናብ፣ ቦረናዎች ጋና የሚሉት፣ ሲያበቃ የተቆጠረና በበጋው ልብ የተቆጠረ አንድ ሜዳ ሁለት ሜዳ ይመስላል። ዓመት የማይዘልቁት ሳሮችና ቅጠላማ ተክሎች በበጋ የሉም፤ ዘራቸው አፈር ውስጥ ነው።

(ምስል፦ ደብተሩ። በረድፍ የተጻፉ ስሞችና ቁጥሮች።)

አሁን ደብተሩ ሞልቷል። ምን ይደረግበት?

ሁለት ክፈፎች እንውሰድ። በሁለቱም ውስጥ 100 እግር ተክል አለ፣ በሁለቱም ውስጥ 5 ዓይነት። በመጀመሪያው አምስቱም እኩል ናቸው፤ ሃያ ሃያ። በሁለተኛው አንዱ ዓይነት 96 እግር ይዟል፣ አራቱ አንድ አንድ ብቻ። ዓይነት ቆጥሮ ለሚያቆም ሰው ሁለቱ እኩል ናቸው። ዓይን ግን እኩል አይደሉም ይላል። የዓይንን ፍርድ በቁጥር መግለጽ የቻለውን ሰው ታሪክ ነው አሁን የምንነግራችሁ፤ ታሪኩ ከሳር በጣም ሩቅ ይጀምራል።

(ምስል፦ የብሌችሊ ፓርክ የመዝገብ ፎቶግራፍ፣ ጥቁርና ነጭ።)

እንግሊዝ አገር፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት። ብሌችሊ ፓርክ በሚባል ግቢ ውስጥ፣ በጣውላ ቤቶች፣ የጠላትን ምስጢራዊ መልእክት የሚፈቱ ሰዎች ሌት ተቀን ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1942 ሃያ ዓመት ያልሞላው አንድ ወጣት ከቤልፋስት የሒሳብ ትምህርቱን ጨርሶ መጣ። ኤድዋርድ ሲምፕሰን ይባላል። መጀመሪያ የጣሊያንን ባሕር ኃይል መልእክቶች፣ ቀጥሎም የጃፓንን ባሕር ኃይል ምስጢር ከሚፈቱት ጋር ሠራ።

የተመሰጠረ ጽሑፍ ለሚያየው ሰው ትርጉም የለሽ የፊደል ክምር ነው። ነገር ግን ሰው የጻፈው ቋንቋ አንድ ጠባይ አለው፤ ፊደሎቹ እኩል አይመላለሱም። አንዳንዱ ይበዛል፣ አንዳንዱ ከስንት አንዴ ይመጣል። ስለዚህ ከአንድ ጽሑፍ ላይ ሁለት ፊደል በዘፈቀደ ቢነሣ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው የመገኘታቸው ዕድል ብዙ ይናገራል። ሁሉም እኩል የተበተነ ከሆነ ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ጥቂቶች የሚገዙት ከሆነ ዕድሉ ትልቅ ነው። ብሌችሊ የነበረው ሌላው የሒሳብ ሰው ጃክ ጉድ፣ አለን ቱሪንግ ይህን ዓይነት መለኪያ እዚያ ይጠቀምበት እንደነበር ከብዙ ዓመታት በኋላ ጽፏል።

ጦርነቱ አበቃ። ሲምፕሰን ወደ ካምብሪጅ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1949 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ርእሱ ብዝኀነትን ስለ መለካት ነው። በውስጡ ያለው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ከአንድ ስብስብ ውስጥ ሁለት ነገር በዘፈቀደ ብታነሣ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው? ስለ ጦርነቱ አንድም ቃል የለበትም። ሊኖርበትም አይችልም ነበር፤ ብሌችሊ ውስጥ የተሠራው ሁሉ እስከ 1970ዎቹ ድረስ በምስጢር ተይዞ ነው የቆየው።

ከጤፍና ከስንዴ ቅልቅል ከረጢት ውስጥ ዓይን ጨፍኖ ሁለት ፍሬ የማውጣት ያህል ነው። ወደ ሁለቱ ክፈፎቻችን እንመለስ። አምስቱ ዓይነቶች ሃያ ሃያ በሆኑበት፣ በዘፈቀደ የተነሡ ሁለት ተክሎች አንድ ዓይነት የመሆን ዕድላቸው ከ100 ውስጥ 20 ነው። አንዱ ዓይነት 96 በሆነበት ግን ዕድሉ ከ100 ወደ 92 ይወጣል። ቁጥሩን ገልብጠን ስናየው የመጀመሪያው ክፈፍ በእርግጥ 5 ዓይነት አለው። ሁለተኛው በስም 5 ይባል እንጂ በዚህ ሚዛን 1.08 ነው። አንድ ሳርና ጥቂት ፍርፋሪ።

ሲምፕሰን ከካምብሪጅ በኋላ ወደ መንግሥት ሥራ ገባ፤ ዕድሜውን አብዛኛውን በትምህርት አስተዳደር ነው ያሳለፈው። በ2019 በ96 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ስሙ በየአገሩ የግጦሽ መሬት ጥናት ውስጥ ገብቶ ነበር። ሌላው በብዛት የሚሠራበት መለኪያ የክሎድ ሻነን ነው፤ እሱም የመጣው ከስልክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ፣ በ1948፣ መልእክት በሽቦ ላይ ስለ ማስተላለፍ ከተጻፈ ጥናት ነው። ወደ ሥነ ምኅዳር ካሻገሩት አንዱ የካታሎኒያው ራሞን ማርጋሌፍ ነው። ዛሬ በቦረና ላይ የሚወጣ የዕፅዋት ጥናት ሲገለጥ የሻነን ወይም የሲምፕሰን ስም አለማግኘት ብርቅ ነው።

በዚህ ታሪክ መደነቅ አግባብ ነው፤ እኛም ተደንቀናል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ምስጢር ፈቺው ፊደል ሲቆጥር የትኛው ፊደል ጥሩ፣ የትኛው መጥፎ አይልም። ሁሉም ፊደል ነው። ሳር ግን ፊደል አይደለም።

(ድምፅ፦ የከብት ደወል። ከሩቅ የእረኛ ፉጨት።)

(ምስል፦ ግራር የወረረው ሜዳ። ከብቶች በእሾህ መካከል።)

የቦረና ምድር ለብዙ ዘመን የከብት አገር ነበር። አጠባበቁም ሥርዓት ነበረው። የሚታለቡት ላሞችና ጥጆች፣ ዋራ፣ ከመንደሩ አይርቁም። ደረቁ ከብት፣ ፎራ፣ ከጎረምሶች ጋር ራቅ ወዳለው ግጦሽ ይወጣል። ውኃው በኤላዎች ሕግ ይታዘዛል፣ ግጦሹም በውኃው። አሮጌ ሳር ሲበዛ እሳት ይለቀቅበት ነበር። እሳቱ ሻካራውን ሳር ጠርጎ ለአዲሱ ቦታ ይለቃል፤ የእሾሁንም ችግኝ ገና በለጋነቱ ይቀጫል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ግጦሽ ማቃጠል በመንግሥት ተከለከለ። በዚያው ዘመን በልማት ፕሮጀክቶች የተቆፈሩት ኩሬዎች፣ በዝናብ ጊዜ ብቻ ይጋጥ የነበረውን ሜዳ ዓመቱን ሙሉ የሚጋጥ አደረጉት። መንደሮች ወደ ኩሬው ተጠጉ። የእርሻው መሬት ሰፋ፣ የመንቀሳቀሻው ቦታ ጠበበ። ቁጥቋጦው በዚህ መሐል ነው የተነሣው። በጥቁሩ አፈር ላይ ፉሌንሳ፣ እሾሁ ሥር ጉንዳን የሚያስጠልለው ግራር። በሌላው ላይ ሳፋንሳ፣ መንቆሮ እሾህ ያለው። ሐሜሳ የሚሉት ቁጥቋጦም እንዲሁ ተስፋፋ። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የቆዩት ተመራማሪ አያና አንጋሳ ከፕሮፌሰር ጉፉ ኦባ ጋር በ2008 ያወጡት ጥናት፣ እረኞቹ ራሳቸው እሳቱ መከልከሉንና ቁጥቋጦው መውረሩን እንዴት እንደሚያዩት የጠየቀ ነው።

አሁን ክፈፉን ይዘን ወደ ቁጥቋጦው እንግባ። የዛፍ ጥላ አለ፤ በጥላው ሥር በገላጣው ሜዳ ላይ የማይበቅሉ ቅጠላማ ተክሎች አሉ፤ ሐረግ አለ፤ ከብት ያልደረሰበት ሳር በእሾህ ተጠልሎ ቆሟል። ቁጥቋጦው ጨርሶ ካልተደፈነ በቀር የዓይነቱ ቁጥር ሊጨምር ይችላል። የሻነን ቁጥር ከፍ ይላል። በወረቀት ላይ ሜዳው በለጸገ። ባለከብቱ ግን ላሙን ይዞ የሚገባበት አጥቷል።

ፓርቲኒየምን እንጨምር። ከሌላ አህጉር የመጣ፣ በኢትዮጵያ ከ1980ዎቹ ወዲህ የታወቀ አረም ነው። የበላች ላም ወተቷ ይመራል። ክፈፍ ውስጥ ሲገኝ ግን አንድ ተጨማሪ ዝርያ ነው። መለኪያው ይደምረዋል እንጂ አይቀንሰውም።

መለኪያው ዋሽቷል ማለት አይደለም። የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። እኛን የሚያሳስበን፣ ያ አንድ ቁጥር ከሪፖርት ወደ ሪፖርት ሲሄድ፣ በመጨረሻም መሬቱ ደኅና ነው ወይም ታሟል ብሎ የሚፈርድ ዳኛ ሲሆን ነው። በክፈፉ ውስጥ የትኛው ተክል ለማን መኖ ይሆናል የሚለው ጥያቄ ደብተሩ ውስጥ አልተጻፈም።

ጉፉ ኦባ የተወለደው በሰሜን ኬንያ አርብቶ አደሮች መካከል ነው፤ በኖርዌይ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ አስተምሯል። ዕድሜውን የሰጠው የእረኛውንና የሳይንቲስቱን ግምገማ ጎን ለጎን ለማኖር ነው። በ2001 ከጥናት አጋሩ ከኮቲሌ ጋር በደቡብ ኢትዮጵያ ላይ ያወጡት ጥናት እንዲያው በርእሱ እረኞችንና የሥነ ምኅዳር ባለሙያዎችን ፊት ለፊት ያቆማል። ሳይንቲስቱ ሽፋንና አፈር ያያል። እረኛው መሬቱን የሚያየው በከብቱ በኩል ነው፤ ወተቱ ስንት ሆነ፣ የላሟ ጠጉር አብለጨለጨ ወይ፣ ኮርማው ተነሣ ወይ። ደግሞም መሬቱን ጥሩ ወይም መጥፎ ብሎ አይዘጋውም። ለላም ያልሆነው ለግመል ይሆናል፤ ለግመል ያልሆነው ለፍየል። ቦረናዎች በቅርብ ዐሥርት ዓመታት ግመልና ፍየል እያበዙ የመጡትም በከፊል ቁጥቋጦውን አይተው ነው።

(ምስል፦ ካሎ። በእሾህ አጥር የተከለለ ሜዳ። ውስጡ ረጅም ሳር፣ ውጪው አጭር።)

ካሎ ይህ ነው። መንደሩ ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች በእሾህ አጥሮ የሚያቆየው ግጦሽ። ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ያለው ልዩነት ካሜራ ሳይቀር ያየዋል። ሳሩ ውስጥ ረጅም ነው። ሰው ወዲያው፣ እንግዲያው ሁሉን ማጠር ነው ይላል።

መልሱ እንዲያ ቀላል አይደለም። ጉፉ ኦባና ባልደረቦቹ በሰሜን ኬንያ ደረቅ ግጦሽ ላይ በሠሩት ጥናት የዕፅዋት ዓይነት በርክቶ የተገኘው ሳሩ መካከለኛ በሆነበት ነው። እጅግ በተጋጠው ላይ ትንሽ ነው። ለብዙ ዓመት ሳይጋጥ ተከማችቶ በቆየው ላይም ይቀንሳል፤ ረጃጅሞቹ አጫጭሮቹን ብርሃን ይነሷቸዋል። እንግሊዝ አገር ሮዛምስቴድ ውስጥ ከ1856 ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚታጨድ ሜዳ አለ። ናይትሮጅን ማዳበሪያ የተሰጣቸው ክፍሎች ድርቆሻቸው በዛ፣ የዕፅዋት ዓይነታቸው ግን አነሰ። ብዙ ሳርና ብዙ ዓይነት ሳር አብረው አይሄዱም ማለት ነው፤ ቢያንስ ሁልጊዜ አይሄዱም።

በያቤሎ ዙሪያ ብቻ፣ ከዓለም ሌላ የትም የማይገኝ አንድ ወፍ አለ፤ የኢትዮጵያ ቁጥቋጦ ቁራ። ምግቡን የሚለቅመው አጭር ሳር ባለበት ገላጣ መሬት ላይ ነው። ከብት የጋጠው ሜዳ ለእሱ ቤቱ ነው። ሁሉን ያጠረ ሰው ይህንንም ያስብ።

(ምስል የለም። ጥቁር። ከዚያ፦ ደረቅ ሜዳ፣ የወደቁ ከብቶች።)

ይህ ፕሮግራም ሲታቀድ እዚህ ላይ ሊዘጋ ነበር፤ በካሎው ሳርና በወፉ። ነገር ግን በእጃችን ያለው የምስል ክምችት አብዛኛው ይህ ነው። ልንዘለው አልቻልንም።

ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ እስከ 2022 መጨረሻ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። በ2022 ከመጋቢት እስከ ግንቦት የጣለው ዝናብ በ70 ዓመት መዝገብ ውስጥ ዝቅተኛው ነበር። ቦረና በመካከሉ ነው። በዚያ ሁለት ዓመት የወደቀውን ከብት የሚያሳዩ ምስሎች ሁላችሁም አይታችኋል፤ አንደግማቸውም። መቶ ከብት የነበረው ሰው እርዳታ ለመቀበል ተሰልፎ ቆመ።

በዚህ ጊዜ ስለ ሳር ዓይነት ማውራት ቅንጦት ይመስላል። አይደለም። በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ሴዳር ክሪክ በሚባል ቦታ፣ ዴቪድ ቲልማን በትናንሽ የሳር መደቦች ላይ ሲሠራ በ1987ና 88 ድርቅ መጣበት። በ1994 ከጆን ዳውኒንግ ጋር ያወጣው ውጤት ይህን ይላል፦ ብዙ ዓይነት ያላቸው መደቦች የሳር ምርታቸው ወደ ግማሽ ወረደ፤ ጥቂት ዓይነት ብቻ ያላቸው ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ወረዱ። ብዙ ዓይነት ባለበት ድርቅ የሚችል አንድ አይጠፋም። ሚኒሶታ ቦረና አይደለም፤ በረዶ የሚወርድበት አገር ነው። ነገር ግን ባለከብቱ ለምን ማታ ጉዴሳንም፣ አላሎንም፣ ጋጉሮንም አንድ ላይ የያዘ ሜዳ እንደሚፈልግ ማስረዳት ለሚሻ ሰው ጥሩ ማስረጃ ነው።

በ2023 ዝናብ ሲመለስ ደረቁ ሜዳ አረንጓዴ ለበሰ። ከዝናብ በኋላ ፈጥነው የሚወጡት ዘራቸው አፈር ውስጥ ቆይቶ ዝናብ የሚጠብቅላቸው፣ ዓመት የማይዘልቁት ናቸው። ባዶ መሬት ስለሚያገኙ ዓይነታቸውም ይበዛል። በዚያ ወቅት ክፈፍ ይዞ የወረደ ቆጣሪ ከድርቁ በፊት ከነበረው የሚበልጥ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ሥራቸው የጠለቀው፣ በበጋ ከብት የሚያቆሙት ሳሮች ግን ለመመለስ ዓመታት ይወስድባቸዋል። የአንድ ወቅት ቁጥር ይዞ ሜዳው አገገመ ብሎ መጻፍ ለባለከብቱ በደል ነው። ቆጠራው ወደዚያው መስመር፣ ወደዚያው ክፈፍ፣ በዚያው ወር፣ ከዓመት ዓመት መመለስ አለበት፤ የሮዛምስቴድ ሜዳ የሚናገረው ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ስለተመለሱበት ነው።

(ምስል፦ ስም ጠሪው። እጁ ሳር ላይ።)

የዚህ ሁሉ ሥራ መነሻ ደግሞ ይህ እጅ ነው። በቦረና ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ብትገልጡ፣ በላቲን ስሞቹ ጎን በሌላ ዓምድ የቦረና ስሞች ተደርድረው ታያላችሁ። እነዚያን ስሞች የሰጠው፣ ዘለላ ያላወጣውን ሳር በቅጠሉና በሚበቅልበት አፈር ብቻ የለየው፣ ከተመራማሪው ጎን የተንበረከከው ሽማግሌ ነው። በሪፖርቶቹ ላይ ብዙ ጊዜ መንገድ መሪ ተብሎ ይጻፋል።

ያ ዕውቀት በትምህርት ቤት አልተገኘም። ከፎራ ጋር የወጣ ልጅ ከብቱ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚያልፍ እያየ ነው የተማረው። ከብቱ ካለቀ ፎራ የለም። ፎራ ከሌለ ልጁ ከተማ ነው፣ ወይም መጠለያ ነው። ሜዳው ዘሩን አፈር ውስጥ ያቆያል፤ ስሙን የሚያቆየው ግን ሰው ነው። ስለዚህ በቦረና ብዝኀነት ይለካ ሲባል ከሻነን ቁጥር ጎን ሌላ ዓምድ ያስፈልጋል፦ ይህን ሳር በስሙ የሚጠራው የስንት ዓመት ሰው ነው? ሃምሳ? ሰባ? ከሃያ ዓመት በታች አንድም ካልተገኘ፣ ያ ሳር ሜዳው ላይ ቢሞላም የጎደለ ነገር አለ።

ይህን ማድረግ የሚጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ለቀጣዩ ቆጠራ በጀት ሲያዝ ለስም ጠሪው የሚከፈለው እንደ ባለሙያ እንጂ እንደ ቀን ሠራተኛ አይሁን፤ በጥናቱም ላይ ስሙ ከአጥኚዎቹ ጋር ይጻፍ። ደብተሩን ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ተማሪ ብቻ አይያዘው። ከዚያው መንደር፣ ከብቱ ያለቀበት አንድ ወጣት ከሽማግሌው ጎን ይቀመጥና እሱ ይጻፍ፤ ያልሰማውን ስም ደግመው ይንገሩት።

(የፕሮግራሙ ማብቂያ። የአዘጋጆች ስም ዝርዝር።)